«ተዘናግቷል» የተባለው ሕዝብ

አንድ ቃል ላይ ክስ ልመሠርት ነው። ተከሳሹ «መዘናጋት» ይባላል። ከ2012 ዓ.ም. ግንቦት ወር ወዲህ ሬዲዮ የከፈተ፣ ጋዜጣ የገለጠ፣ የወረዳ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ቃል ሳይሰማ ውሎ አላደረም። ኅብረተሰቡ ተዘናግቷል። መዘናጋቱ አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል። አሁንም ከፍተኛ መዘናጋት ይታያል። ኮሮና አገራችን በገባበት ዘመን ከአማርኛ ቃላት ሁሉ የዚህን ያህል ትርፍ ሰዓት የሠራ የለም፤ ደግነቱ ቃል አበል አይጠይቅም።

ቃሉ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ዘነጋ ማለት ረሳ ነው። ተዘናጋ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የሚጠብቀውን ነገር ጥሎ ሐሳቡን ሌላ ቦታ ያደረገ ሰው ነው። ዘበኛ ይዘናጋል፣ ሌባ ይገባል። እረኛ ይዘናጋል፣ ጅብ በግ ይወስዳል። እንግዲህ ሕዝብ ተዘናጋ ስንል ሦስት ነገር አብረን መናገራችን ነው፤ ጥበቃ ተሰጥቶት ነበር፣ መጠበቂያም ነበረው፣ እሱ ግን ተኛ። ሦስቱም እውነት መሆናቸውን ሳያረጋግጡ ቃሉን መወርወር ስም ማጥፋት ነው። በዚያ ላይ ሰዋስዋችን ራሱ አንድ ምሥጢር ሹክ ይለናል። ተዘናጊ ባለበት አዘናጊ አለ። የዚህን የሁለተኛውን ስም ግን በዚያ ሁሉ ዜና ውስጥ አንድም ቀን ሲጠራ አልሰማሁም።

«ያለፈ ነገር ምን ያስቆፍርሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቃቱን አስታውቋል። በአገራችንም በምርመራ የተረጋገጡት ሕሙማን ወደ 500,000 ገደማ፣ በይፋ የተመዘገቡት ሟቾች ከ7,500 በላይ ሆነው ሒሳቡ ተዘግቷል። ሒሳቡ ይዘጋ እንጂ ፍርዱ አልተዘጋም። ዛሬ በየሻይ ቤቱ «ያኔ ምን ነበር የሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የእኛ ሕዝብ መቼ ይሰማና!» ነው መልሱ። የሚገርመው ይህን የሚለው ራሱ ሕዝቡ ነው። ስድብ ሲደጋገም ለተሰዳቢው የገዛ ስሙ ይመስለዋል። እኔ የምከራከረው ስድቡ ታሪክ ሆኖ ሳይጻፍ በፊት ነው።

* * *

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ ሰው በዓይኑ ያየውን ያስታውስ። በየታክሲ ተራው፣ በየባንኩ በር፣ በየሱቁ ደጃፍ ባልዲና ጀሪካን ተደረደረ። የሰፈር ወጣቶች ሳሙና ይዘው ተሳፋሪ ሲያስታጥቡ ይውሉ ነበር። ውኃውን ከየት እንዳመጡት ልብ ይባልልኝ፤ ከየቤታቸው ነው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ነው። አንዳንድ አከራዮችና የሕንፃ ባለቤቶች የወር ኪራይ «ይቅር» አሉ። በየቀበሌው ዱቄትና ዘይት ተሰብስቦ ማዕድ ማጋራት ተጀመረ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰላምታችንን ተውን። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ የሚሳሳመው፣ ትከሻ ለትከሻ የሚጋጨው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ክርኑን ማቀበል፣ እግሩን ከእግር ማነካካት ለመደ። ይህ ለሌላው ዓለም ቀላል ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ግን ሰላምታ ነሣኝ ተብሎ ሽማግሌ የሚላክበት አገር ነው። ሚያዝያ 11 ቀን በዋለው የዚያን ዓመት ፋሲካ ብዙው ምእመን ከቤተ ክርስቲያን ርቆ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትሎ በቤቱ ፈሰከ። ብዙው ሙስሊምም የረመዳንን ተራዊሕ በቤቱ ሰገደ። ለቅሶ ላይ ድንኳን አልጣልንም፤ የሞተብን ሰው ቤት በር ላይ ቆመን በእጃችን ምልክት ሰጥተን ተመለስን። ለቅሶ አለመድረስ ለአበሻ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ባያነበው ይሻላል።

ተዘናጋ የተባለው ይህ ሕዝብ ነው።

ሕዝቡ ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። በዚያው መጋቢት ወር ነጭ ወይም እስያዊ መልክ ያለውን ሰው መንገድ ላይ «ኮሮና! ኮሮና!» እያሉ ማሳደድ፣ ታክሲ መከልከል፣ ድንጋይ መወርወር ነበር። መጋቢት 9 ቀን የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን የሚያስጠነቅቅ መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሰ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም ድርጊቱን ነቀፈ። ያሳፍራል። እንግዳ ተቀባይነታችንን በየመድረኩ ስንዘፍን የኖርን ሰዎች፣ እንግዳው ካሳለ ድንጋይ እንደምናነሣ ዓለም አየን። ይህን የሚሸፍን ክርክር የለኝም፣ ልፈልግለትም አልሞክርም።

በፌጦው ግን አልስማማም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ፌጦ በዚያ ሰሞን ዋጋቸው ሰማይ ነካ፤ የተማረውም ወገን «ይኸው ሕዝባችን!» ብሎ ሳቀ። ምን ይዞ ነው የሚስቀው? በዚያው መጋቢት የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፎ ተስፋ ሰጪ ደረጃ ላይ መድረሱን ለአገር አስታውቆ አልነበረምን? ሚኒስቴር ሲናገረው ሳይንስ፣ እናት በሙቀጫ ስትወቅጠው ድንቁርና የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? እናትየዋ ቢያንስ መግለጫ አልሰጠችም።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር፣ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተደነገገ። የተከራዩ ጉዳይ መልካም ነበር፤ በዚህ በኩል አዋጁን ያረቀቀውን ሰው እግዜር ይስጠው። የሠራተኛው ግን ውል ለፈረመና ደመወዝ በባንክ ለሚገባለት ነው። ማለዳ አደባባይ ቆሞ ሥራ ለሚጠብቀው የቀን ሠራተኛ አሠሪ ማለት በአይሱዙ መጥቶ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ ጣቱን የሚቀስር ሰው ነው። ያ ሰው ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ የትኛው ፍርድ ቤት ይከሰሳል?

እስቲ የምኖርበትን ግቢ ላሳያችሁ። ሰባት ቤተሰብ ነን፣ ያን ጊዜ 31 ነፍስ ነበርን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት አለን። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጎረቤቴ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ «ይማርህ» እላለሁ፣ እሱ ከዚያ «ያኑርህ» ይለኛል። ሁለት ሜትር ተራራቁ ተባልን። በእኛ ግቢ ከአንድ ሰው ሁለት ሜትር የራቀ ሰው፣ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ እሱም ቀኗን ካላሳተች። እጅን በሳሙና በደንብ ለመታጠብ፣ ቆጥበን ብንጠቀም እንኳ አንድ ሊትር ይፈልጋል እንበል። 31 ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ሲታጠብ 186 ሊትር፣ ዘጠኝ ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ውኃ ነው። ለእጅ ብቻ! ገና ወጥ አልተሠራም፣ ገና ሕፃን አልታጠበም።

ይህን ሒሳብ እኔ ከመሥራቴ በፊት የሠሩት የግቢያችን ትልቅ እናት ናቸው። ከጤና ጣቢያ ቤት ለቤት ልታስተምር የመጣችውን ልጅ እስክትጨርስ አዳመጧትና፣ «አንቺ ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። እንግዲህ በዚህች ውኃ እጄን ልታጠብባት ወይስ ሽሮዬን ልሥራባት? አንዱን ምረጪልኝ» አሏት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ንቃቸው አይደለም፤ በያዘችው ወረቀት ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተጻፈም ነበር። እሳቸውም አላስጨነቋትም፣ ቡና ካልጠጣሽ አትሄጂም ብለው ቡናውን አቀረቡ። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ መመሪያ ተጥሷል።

የታክሲውም ነገር እንዲሁ ነው። ሚኒባሱ 12 ሰው መጫኑ ቀርቶ 6 እንዲጭን፣ ዋጋውም እጥፍ እንዲሆን ተወሰነ። ሐሳቡ አይነቀፍም። ነገር ግን ከታክሲው የወረዱት ስድስቱ ሰዎች አልተነኑም፤ ሰልፉ ላይ ተጨመሩ። መገናኛና ሜክሲኮ ላይ ሠራተኛው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይቆም ነበር። ተጨማሪ አውቶቡስ በበቂ ሳይመጣ መቀመጫውን በግማሽ መቀነስ፣ መጨናነቁን ከታክሲው ውስጥ አውጥቶ አስፋልት ላይ ማስቀመጥ ነው። የቀን ገቢው 100 ብር የሆነ ሰው ደግሞ የመሄጃና የመመለሻው ዋጋ ሲታጠፍበት ወይ በእግሩ ይሄዳል ወይ ትርፍ ሆኖ ይታጨቃል። ታጨቀ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ካሜራው የደረሰው፤ «ተሳፋሪዎች ተዘናግተዋል!» አልተዘናጋም ጌቶቼ። ሒሳብ ሠርቶ ነው። በአንድ በኩል ሊይዘውም ላይይዘውም የሚችል በሽታ፣ በሌላ በኩል ማታ ያለ ጥርጥር የሚመጣ የልጆች ረሃብ። ሒሳቡን ሊሳሳት ይችላል፤ ረስቶታል የሚል ግን ውሸታም ነው።

«ቤትዎ ይቆዩ» የሚለውም ትእዛዝ በየአቅጣጫው ይወርድብን ነበር። ስልክ ስንደውል እንኳ ከ«ሃሎ» በፊት የምንሰማው የኮሮና ምክር ሆኖ ነበር፤ ለሐኪም የደወለም፣ ለፍቅረኛው የደወለም እኩል ይመከራል። ይህ ትእዛዝ ግን አንድ ነገር እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚነሣው፤ ሰው ሁሉ ቤት እንዳለው። ቤት የሚባለው ነገር የሰው ሲሆን ምን እንደሚከተል በዚያው ሰሞን ቤይሩት ላይ ያሉ እህቶቻችን አሳዩን። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ በዚያ ላይ ወረርሽኙ ተጨምሮ፣ አሠሪዎች ደመወዝ ላለመክፈል ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ይጥሏቸው ጀመር። በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ላይ ያደሩት ኢትዮጵያውያት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የሰው ቤት ሲጠርጉ የኖሩ ሴቶች፣ ዓለም ሁሉ ቤቱ ይግባ በተባለ ቀን መግቢያ አጡ። እነሱንም ተዘናጉ እንበላቸው ይሆን?

* * *

አሁን ወደ አዘናጊው ልምጣ።

በግንቦት 2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፖሊስ የፊት መሸፈኛ አላደረጋችሁም ብሎ ከ1,000 በላይ ሰዎች ያዘ። የፊት መሸፈኛ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም። ግን 1,000 ሰው ተይዞ አንድ ላይ ሲነዳ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ስንት ሜትር ነበር? ይህን የጠየቀ ጋዜጠኛ አላጋጠመኝም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ደስታ መጣ። ደስታው የእኔም ነበር፣ የእናንተም ነበር። በአዲስ አበባ መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ፣ ሰው ባንዲራውን እያውለበለበ፣ ተቃቅፎ ጨፈረ። ባለሥልጣኑም፣ አርቲስቱም፣ ቴሌቪዥኑም «ውጡ፣ ድምፃችሁን አሰሙ» ነበር የሚሉት። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን የሚከለክለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን በዚያች ዕለት አልተነሣም ነበር። በማግስቱ የሰፈራችን ጫማ ጠራጊ፣ «ጋሼ፣ ኮሮና ትናንት የዓመት ፈቃድ ወጥታ ነበር እንዴ?» ሲለኝ እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ያ ልጅ አራት ሆነው ሲቀመጡ ፖሊስ በዱላ የበተነው ልጅ ነው።

አዋጁ አምስት ወር ቆይቶ አበቃ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የጤና መመሪያውን የጣሰ እስከ ሁለት ዓመት እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል ተነገረን። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ክትባት ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ሕመሙ እንደገና በርትቶ ሆስፒታሎች ኦክስጅን አጠራቸው፤ ዘመድ ለዘመዱ ሲሊንደር ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ይህ ሁሉ በሆነ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ጅማ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞልቶ የምርጫ ቅስቀሳ ተደረገ። ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ ሰው ሞልቶላቸው ቢሆን ኖሮ «ተራራቁ» ብለው ይመልሱት ነበር ብዬ አልምልም። የእኔ ጥያቄ ስለ ፓርቲ አይደለም። ሁለት ዓመት እሥራት የሚያስፈራራ መመሪያ አውጥቶ በስታዲየም ሕዝብ የሚያሰባስብ ወገን፣ «መመሪያው የእውነት አይደለም» ብሎ ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ሊናገር ይችላል? ሕዝብ ደግሞ መግለጫ ከመስማት ይልቅ የሹሙን ፊት ማንበብ የለመደው ከጥንት ነው።

በዚህ ላይ ምርጫው አለ። በነሐሴ ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት እንደማይካሄድ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ። ሰኔ ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዘመን አራዘመ። ትግራይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አደረገች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሞተውን የቆጠረው ቫይረስ አይደለም። ለክርክሬ የሚያስፈልገኝ አንዲት ነገር ናት። በአንዱ ወገን አፍ «በሽታው ስላለ አይቻልም»፣ በሌላው አፍ «በሽታው ቢኖርም ይቻላል» ሲባል፣ ተራው ሰው ኮሮና የጤና ጉዳይ ሳትሆን የፖለቲካ አቋም መሰለችው። «ኮሮና የለችም፣ ፖለቲካ ናት» የሚለው ወሬ ከዚህ ነው የበቀለው። ወሬው ስሕተት ነበር፣ ሰውም ገድሏል። ዘሩን የዘራው ግን ሕዝቡ አልነበረም።

ስለ ሙያ ባልደረቦቼም ዝም ብል አድልዎ ይሆናል። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር መጀመሪያ የተነገረኝ ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚሉትን መመለስ አለበት የሚል ነው። «ኅብረተሰቡ ተዘናግቷል» የሚለውን ዜና በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ማን? ኅብረተሰቡ፤ ማለት ማንም። ምን አደረገ? ምንም፤ ተዘናጋ። መቼ? ዘወትር። የት? በየቦታው። ለምን? ይህ አይጠየቅም። ጥያቄ የማይመልስ ዜና ለአዘጋጁ ግን ምቹ ነው። ሪፖርተር መርካቶ ይላካል፣ ካሜራው ግርግሩን ያሳያል፣ የፊት መሸፈኛ ያላደረገ አንድ ሸክም ተሸካሚ ተይዞ «ለምንድን ነው ያላደረግከው?» ይባላል፣ ሸክሙ አንገቱን ስለተጫነው የማይረባ ነገር ይመልሳል፣ ከዚያ አንድ ኃላፊ ቢሮው ተቀምጦ የኅብረተሰቡን መዘናጋት ያስረዳል። ዜናው አለቀ። መሸፈኛው ስንት ብር እንደሚሸጥ፣ በዚያ ብር ስንት ዳቦ እንደሚገዛ፣ 50 ኪሎ ተሸክሞ አፍን ሸፍኖ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ የለም።

እኔም በዚያን ጊዜ ስለ ታክሲ ሰልፍ የጻፍኩትን ዘገባ ስሙን ለማልጠራው አንድ ጋዜጣ ሰጥቼ ነበር። የጻፍኩት ስለ አውቶቡስ እጥረት ነው። ታትሞ ሳየው ርእሱ «በታክሲ ተራዎች የሚታየው የተሳፋሪዎች መዘናጋት» ሆኖ ጠበቀኝ። አዘጋጁን ብጠይቀው «ይኼ ይሻላል፣ ማንንም አይነካም» አለኝ። ማንንም አይነካም! ሰልፍ ላይ የቆመው 200 ሰው ማንም አይደለም ማለት ነው።

ይህ ቃል ለምን እንዲህ ተወደደ? መልሱ የአዘጋጁ መልስ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቃሉ ርካሽ ነው። ችግሩ ውኃ ነው ካልን በጀት ይጠይቃል፣ ቧንቧ ይጠይቃል፣ ስለ ፈረቃው የሚጠየቅ ሰው ይጠይቃል። ችግሩ አውቶቡስ ነው ካልን ግዢ ይጠይቃል። ችግሩ የሕዝቡ መዘናጋት ነው ካልን ግን አንድ ድምፅ ማጉያና አንድ መኪና ይበቃል። አህያውን ትቶ ዳውላውን መደብደብ የሚባለው ይህ ነው።

የዚህ ዓይነት ነገር ደግሞ አዲሳችን አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠፋው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ እኛ የኅዳር በሽታ እንለዋለን። በዋና ከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ቤተ መንግሥትንና ጎጆን ያልለየ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሞት በልማዳችን ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? ኅዳር ሲታጠን። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻችንን ከየቤታችን አውጥተን በር ላይ እናቃጥላለን፣ ከተማው በጭስ ይታፈናል፣ አስም ያለበት ሰው ያን ቀን መድረሻ ያጣል። ልማዱን የሚወድ ሰው አይቀየመኝ፣ ልጅ ሆኜ እሳቱን መዝለል እኔም እወድ ነበር። ግን አስቡት። ከመቶ ዓመት በፊት ያለቀው ሕዝብ በትዝታችን ውስጥ ያለቀው በቆሻሻ ምክንያት ነው። ሐኪም ስላልነበረው፣ ሆስፒታል ስላልነበረው አይደለም፤ ደጁን ስላልጠረገ ነው! በዚህ አያያዛችን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡት የልጅ ልጆቻችን ስለ ኮሮና ሲነገራቸው «በመዘናጋት ያለቁ ሰዎች ነበሩ» መባላቸው አይቀርም። ምናልባት እሱንም በዓመት አንድ ቀን ያጥኑት ይሆናል።

በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ደግሞ በቅርቡ አይተናል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው በሽታ መገኘቱ ተነገረ። ከኮሮና ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከፋ ገዳይ ነው፤ የሚተላለፈው ግን በቅርብ ንክኪ በመሆኑ ሰውን በሰው ተከታትሎ መያዝ ይቻላል። የተደረገውም ይህ ነው። ከሕሙማኑ ጋር ንክኪ የነበራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተለይተው 21 ቀን ክትትል ተደረገላቸው። ጥር ላይ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። ሁለቱ በሽታዎች አንድ አይደሉም፤ ሚሊዮኖች የያዘውን በዚያ መንገድ ማቆም እንደማይቻል አላጣሁትም። የአነጋገሩ ልዩነት ግን ይታየኛል። የጂንካው ጤና ሠራተኛ የሰው በር አንኳኩቶ የሚጠይቀው «ዛሬ ትኩሳት አለህ?» ብሎ ነው። የአዲስ አበባው ድምፅ ማጉያ ከመኪና ላይ ሆኖ የሚነግረን መዘናጋታችንን ነበር፤ መልሳችንንም ሳይጠብቅ መኪናው ያልፋል።

ወደፊት ሌላ በሽታ ይመጣል፤ ሐኪሞቹ ይህን ከነገሩን ቆይተዋል። የሰፈራችን የታክሲ ተራ ላይ ወጣቶቹ በ2012 ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው ያቆሟት ባለ ቧንቧ በርሜል አሁንም አለች። ቧንቧዋ ተነቅሏል፤ ጎሚስታው የተነፈሰ ጎማ የሚፈትሽባት የእሱ ገንዳ ሆናለች። እሱም የሚሞላት እኛ ጀሪካናችንን በምንሞላበት ሌሊት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሌሊት ቀረ።